የካባው ገበር

በብራዚሏ ሳልቫዶር ከባድ ዝናብ ሲጥል እንደ ፓው ዳ ሊማ ባሉ የድሃ ሰፈሮች የፍሳሽ ቦዮች ሞልተው ደጃፍ ይደርሳሉ። ጎርፉ የአይጥ ሽንት ይዞ ይመጣል፤ በሽንቱ ውስጥ ሌፕቶስፓይራ የተባለ፣ እንደ ቀጭን ሽቦ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ አለ። ጫፉ ስለሚቆለመም የጥያቄ ምልክት ይመስላል፤ ኢንተሮጋንስ የሚለው የዝርያ ስሙም ከዚያ መጣ። ሐኪሙንም ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። በሽታው ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የባት ሕመም ስለሆነ ከወባ ወይም ከዴንጊ መለየት ያስቸግራል። ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ኩላሊት ደክሞ፣ ሳንባ መድማት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ባክኗል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በዓመት 1 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚታመም፣ 59 ሺህ ገደማ እንደሚሞት ገምቷል።

ነባሩ ምርመራ የታማሚውን ደም ውሃ በሕይወት ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ቀላቅሎ መጣበቃቸውን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ለዚህ ቤተ ሙከራው ብዙ ዓይነት ሌፕቶስፓይራ ዓመቱን ሙሉ እየቀለበ ማኖር አለበት፤ ውጤቱን ለማረጋገጥም ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ሁለተኛ ደም ይወሰዳል። የዘረመል ቅንብር ይህን ጣጣ ያቀላል። የአንድ ፕሮቲን ዘረመል ተቆርጦ ኢ. ኮላይ ውስጥ ይገባል፤ ኢ. ኮላይም ፕሮቲኑን በብዛት ያመርታል፤ አደገኛውን ባክቴሪያ ማርባት አያስፈልግም። ፕሮቲኑ ወረቀት ላይ ተቀብቶ የደም ጠብታ ሲነካው፣ ፀረ እንግዳ አካል ካለ መስመር ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፀረ እንግዳ አካሉ ገና ስላልተፈጠረ ምርመራው ሊያመልጠው ይችላል የሚለው ትችት ትክክል ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከጠረጠረ መስመሩን ሳይጠብቅ አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ነባሩ ዘዴም ቢሆን ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም።

ወደ ክትባት ስንመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በእኔ እምነት ብዙ ተስፋ የተሳሳተውም ምስክርንና ዘበኛን፣ ማለትም ለምርመራ የሚበጅ ፕሮቲንንና ለክትባት የሚበጅ ፕሮቲንን፣ አንድ አድርጎ በማየት ነው። ሊፕኤል32 የተባለው ፕሮቲን በሽታ አምጪዎቹ ላይ በብዛት ይገኛል፤ ምንም ጉዳት በሌላቸው የውሃ ዘመዶቻቸው ላይ የለም። ለምርመራ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? በክትባትነት ሲሞከር ግን ውጤቱ ወጥ አልሆነም። ኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ፕሮቲኑ በአመዛኙ ያለው ባክቴሪያውን እንደ ካባ ከሸፈነው ሽፋን ላይ ሳይሆን ገበሩ ውስጥ ነው። ባክቴሪያው ሲፈርስ ሰውነት ያየዋል፣ ፀረ እንግዳ አካልም ይሠራበታል፤ በሕይወት ያለውን ባክቴሪያ ግን ያ ፀረ እንግዳ አካል አያገኘውም።

ታዲያ የተገደለው ሙሉ ባክቴሪያ ለምን አይበቃም? ለውሻና ለከብት ይሰጣል፤ ኩባ፣ ቻይናና ፈረንሳይም ለሰው አውለውታል። ነገር ግን መከላከያው በዋናነት የሚያነጣጥረው ከዓይነት ዓይነት የሚለያየውን ውጫዊ ሽፋን ነው፤ ዓይነቶቹ ከ250 በላይ ናቸው፤ ክትባቱም መደጋገም ይፈልጋል። ዓይነቶቹ ከሚጋሯቸው ፕሮቲኖች የተሻለ ተስፋ ያሳየው ሊግኤ ነው፦ የተከተቡ ሃምስተሮች ገዳይ መጠን ተወግተው ተርፈዋል፤ ኩላሊታቸው ውስጥ ግን ባክቴሪያው ተገኝቷል። ይህ ውድቀት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ማን እንደሚከተብ እጠይቃለሁ። ሰው በሽታውን ለሰው የሚያስተላልፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ከሞት የሚያድን ክትባት፣ የኩላሊቱ ጉዳት ክትትል እየተደረገበት፣ ዋጋ አለው። በሽንቱ ባክቴሪያ ለሚረጭ ውሻና ላም ግን ያው ክትባት ጤነኛ መሳይ አስተላላፊ ሊተው ይችላል። በብዙ ሙከራዎች መጨረሻ የተረፈው ሃምስተር ኩላሊት ተከትፎ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት የሚጠበቀው ለዚህ ነው።