የስዊዝ ካናልን ታሪክ ለጎረቤት ስንናገር

ልጆች፣ የኪልበርን የሰፈር ማኅበር ስለ ስዊዝ ካናል ንገሩን ቢላችሁ ከየት ትጀምራላችሁ?

በመጀመሪያ ካርታ አሳዩ። ካናል ሰው የቆፈረው የውሃ መንገድ ነው። ስዊዝ ሜዲትራኒያንን ከቀይ ባሕር ያገናኛል፤ ርዝመቱ 193 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1869 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መርከቦች አፍሪካን መዞር ቀረላቸው።

ቀጥሎ የእኛን ታሪክ ንገሯቸው። በ1935 የጣሊያን ወታደሮች በዚሁ ካናል አልፈው ምጽዋ ወረዱ፤ ኢትዮጵያንም ወረሩ። ካናሉን የምትጠብቀው እንግሊዝ አልዘጋችባቸውም። በ1936 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በዚያው ውሃ ለስደት አለፉ፤ በኋላም እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ተቀመጡ።

ይህን ለመናገር አትፈሩ፤ ረጋ ብላችሁ አስረዱ። ወላጆችም፣ ስለዚያ ዘመን ከአያቶች የሰማችሁትን ለልጆቻችሁ አጫውቷቸው።