ከካሜራው በፊት ማይኩ

ግማሹ ተማሪ ክፍል ውስጥ፣ ግማሹ ቤቱ ሆኖ በስልክ ወይም በላፕቶፕ፤ አስተማሪው ግን አንድ። ድብልቅ ትምህርት ማለት ይኸው ነው። ብዙ ሰው ኮሮና ያመጣው ይመስለዋል እንጂ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብራያን ቢቲ የተባሉ መምህር በአካል መግባቱንም በርቀት መከታተሉንም ለተማሪው ምርጫ ትተው ማስተማር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ነው።

እኛም ለክፍል ስክሪን እንግዳ አይደለንም። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው «ፕላዝማ»ን አይረሳም። በሳተላይት የሚመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተማሪው ይግባው አይግባው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በድብልቅ ክፍል ግን ጥያቄም መልስም በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ መሣሪያ ሲመረጥም መለኪያው ይህ ነው።

ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ውድ ካሜራ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ምስል ሲደበዝዝ ተማሪ ይታገሣል፤ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ሹልክ ብሎ ይወጣል። የላፕቶፕ ማይክ የተሠራው ፊት ለፊቱ ለተቀመጠ ሰው ስለሆነ፣ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞር ሲሉ ከእሳቸው ድምፅ ይልቅ የፕሮጀክተሩን ማራገቢያ ያስተላልፋል። ኮሌታ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ይህን ይፈታዋል። አስቸጋሪው ከኋላ ወንበር የሚነሳው ጥያቄ ነው። ኮርኒስ ላይ የሚገጠሙ ማይኮች ጥሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አይቀመስም። አቅም ለሌለው አንድ የእጅ ማይክ ማዟዟር ይበቃል፤ እሱም ከሌለ መምህሩ ጥያቄውን ደግመው ይናገሩ።

ቀጥሎ የሚመጣው የገደል ማሚቶ ነው። በርቀት ያለው ተማሪ ድምፅ ከስፒከር ወጥቶ በክፍሉ ማይክ ተመልሶ ይገባና የገዛ ንግግሩን ዘግይቶ ይሰማል። እንደ ዙም ያሉ ፕሮግራሞች ይህን ለማጥፋት ይሞክራሉ፤ ነገር ግን እዚያው ክፍል ውስጥ አንድ ተማሪ በራሱ ላፕቶፕ ድምፁን ከፍቶ ከገባ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይነሳል። በአንድ ክፍል የሚከፈት ማይክና ስፒከር የአንድ መሣሪያ ብቻ ይሁን፤ የሌላው ሁሉ ይዘጋ። ባዶ የሲሚንቶ ግድግዳና መስታወትም ድምፅ ያንጫጫሉ፤ ወፍራም መጋረጃ በርካሽ ያግዛል።

ለካሜራው ብዙ አልጨነቅም። ሰሌዳው ላይ የመስኮት ብርሃን ካንጸባረቀ ጽሑፉ አይነበብም፤ ያኔ ወረቀት ላይ እየጻፉ ከላይ በማቆሚያ በታሰረ ስልክ ማሳየት ይሻላል። ሁለተኛ ስክሪን ካለ ከክፍሉ ጀርባ፣ ወደ መምህሩ ዞሮ ይሰቀል። የሩቆቹን ፊት ካላዩ መርሳታቸው አይቀርም። ገመድም ይለካ፦ ተራ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር በላይ አያስተማምንም፣ የክፍሉ ርዝመት ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ለረጅሙ ርቀት ሲግናል የሚያጠናክር ማራዘሚያ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት ሲደክም መጀመሪያ የሚዘጋው ቪዲዮ ነው፤ ድምፅ ብቻውን በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት በታች ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋስ? ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል፤ ትምህርቱም አብሮ። ስለዚህ ዩፒኤስ ከተገዛ ቀድሞ የሚሰካበት ራውተሩ ይሁን።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች አንድ ነገር ልበል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሰው ከግቢው ውጪ ሆኖ በስልኩ ይግባ፤ ከመጨረሻው ወንበር አንድ ተማሪ በተለመደ ድምፁ ይጠይቅ። ውጪ ያለው ሰው ጥያቄውን መድገም ካቃተው ካሜራው ይቆይና በገንዘቡ ማይክ ግዙ።