በኢንተርኔት የሚሰማ ሬዲዮ ለላስታ ምን ይሠራል?

በበጎ ፈቃደኞች የሚመራ የኢንተርኔት ሬዲዮ ማማ የለውም፤ ደመወዝ የሚከፈለው አዘጋጅም የለውም። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ኮምፒውተርና ድምፁን ተቀብሎ ለአድማጮች የሚያከፋፍል ሰርቨር ከተገኘ ሥራው ይጀመራል። ለማከፋፈያ የሚያገለግለው አይስካስት የተባለው ፕሮግራምም በነፃ የሚገኝ ነው። በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ያለው የተማሪዎች ጣቢያ ደብሊው ኤክስ ዋይ ሲ በ1994 እ.ኤ.አ. ስርጭቱን በኢንተርኔት ካስተላለፉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። በኒው ጀርሲ የሚገኘው ደብሊው ኤፍ ኤም ዩ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ ሙዚቃ የሚያቀርቡለት ሰዎች ክፍያ አይጠይቁም፣ ወጪውንም አድማጩ ያዋጣል። በ2002 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተከፈተው ሬዞናንስ እንዲሁ በፈቃደኞች ጉልበት የቆመ ነው። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ዕድሜ የሚያገኙት ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ እንደሚቀርብ አስቀድመው ሲያስታውቁና ያሉትን ሲያከብሩ ነው። መሣሪያውማ ዛሬ በየሰዉ ኪስ አለ። ለላሊበላና ለላስታ ደጋ እንዲህ ያለ ሬዲዮ ያስፈልጋል የምለውም ለዚሁ ነው፤ አገሩ በዜማም በቁም ነገርም የታደለ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሁሉ የሚደመጥበት የታወቀ ሰዓት የለውም።

ከሙዚቃው ልጀምር። ላስታ ያለበት ወሎ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ለሁለቱ፣ ለባቲና ለአምባሰል፣ የቦታ ስም ያዋሰ ምድር ነው። የላስታ ጎረቤት ዋድላም ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር አብሮ የሚጠራ የቅኔ ቤት አለው። የገና ዕለት ካህናቱ በቤተ ማርያም ከላይና ከታች ሆነው የሚያዜሙት ቤዛ ኩሉ በዓመት አንድ ቀን በቴሌቪዥን ይታያል፤ ካሜራው ሲመለስ አገሩም ይረሳል። የዜማው ዓመት ግን በዚያ ቀን አያልቅም። መስከረም ሊያልቅ ሲል ማኅሌተ ጽጌ ይጀምራል፤ በዐቢይ ጾም መሲንቆው ይሰቀልና በገናው ይወርዳል፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ አዝማሪውን ይጠራል፤ በረመዳን የወሎ መንዙማ ይደመጣል። የፕሮግራም ሰሌዳውን በዚህ አቆጣጠር ላይ የሠራ አዘጋጅ የሚቀጥለውን ወር ከወዲሁ ያውቀዋል፤ በገና ደርዳሪውን ቀድሞ ያነጋግራል፣ መሪጌታውን ቀጠሮ ይይዛል፣ አድማጩንም ያስጠብቃል። አሁን ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ላይ የተጫነ ዘፈን ማን እንደተጫወተው፣ የየት አገር እንደሆነ ሳይነገር ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይዞራል። ሬዲዮ ስሙን፣ አገሩንና ቅኝቱን ተናግሮ ያሰማል፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ ለአንድ አዝማሪ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለ፦ አዘጋጁ በነፃ መሥራቱ ተጫዋቹን በነፃ ለማሠራት ምክንያት አይሆነውም። አዝማሪ የሚያድረው በመሲንቆው ነውና መዋጮ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ብር ለእርሱ ይሁን።

ወደ ቁም ነገሩ፣ ወደ ውይይቱ፣ ስመጣ ላሊበላ ለወራት የሚበቃ ርእስ አላት። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉትን መጠለያዎች እንውሰድ። ከዝናብና ከፀሐይ እንዲከላከሉ የቆሙት መጠለያዎች ዓመታት ሲያልፉ ራሳቸው የሥጋት ምንጭ ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነዋሪው ቅርሱ ይዳንልን ብሎ አደባባይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ ድረስ መጥተው አገራቸው ለጥገናው እንደምታግዝ ተናገሩ። ዜና ማለት ይህ ነው፤ ሰልፍ ሲወጣ ወይም መሪ ሲመጣ ይደርሳል፣ ሲበተን ይሄዳል። ካህኑ፣ አስጎብኚው፣ የቅርስ ባለሙያውና በኮቪድና በጦርነት እንግዳ የራቀው ባለሆቴል በየወሩ አንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቢቀመጡ፣ ባለፈው ወር የተባለው በዚህ ወር ይጠየቅበታል። ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ደግሞ የሚመለከተው ባለሥልጣን አልሰማሁም ማለት ይከብደዋል።

ጠንካራው ተቃውሞ ከራሱ ከኢንተርኔቱ ይነሣል። ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ እስከ 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላሊበላን ሲያዳርስ መብራትና ስልክ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቷል። በሚጠፋ መስመር ላይ ሬዲዮ መትከል ከንቱ ድካም ነው የሚል ሰው ቁም ነገር ይዟል። መልሱ ስርጭቱን ቀለል አድርጎ ቅጂውን ማብዛት ነው። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚላክ ድምፅ በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ንግግር በ32 ኪሎቢትም ጥርት ብሎ ስለሚሰማ ፍጆታው በሰዓት ከ15 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። የሁለት ሰዓት ንግግር የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ያህል ብቻ ይበላል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ዓርብ ምሽት ቢሰራጭ ላሊበላ ያለ አንድ ሰው ያወርደዋል፤ በማግስቱ የቅዳሜ ገበያ ነውና ከቡግናም ከኩልመስክም ለመጣው ሰው በሚሞሪና በብሉቱዝ ያድለዋል። ገጠሬው ያለ ኢንተርኔት ያደምጣል። መስመር በጠፋበት ሳምንትም ቀረጻው ሊቀጥል ይችላል፤ ስርጭቱ እስኪከፈት ይጠራቀማል።

ኤፍ ኤም አይሻልም ወይ? ይሻላል፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ያለው ገበሬ ያለ ካርድ ያደምጠዋል። የማኅበረሰብ ብሮድካስት በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 533/1999 ዕውቅና አግኝቷል፤ ጎረቤት ሰቆጣም የዋግ ኽምራ ማኅበረሰብ ሬዲዮ አለ። ነገር ግን ኤፍ ኤም ፈቃድ፣ ማሰራጫ፣ ቴክኒሺያንና የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል። ሞገዱ ቀጥታ ስለሚጓዝ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ በሚቆምበት ምድር ከተራራው ጀርባ ያለው ሸለቆ በአንድ ማሰራጫ አይደረስም። ስለዚህ የኢንተርኔቱ ሬዲዮ ለኤፍ ኤሙ መንገድ ጠራጊ ይሁን፤ ፈቃድ የሚጠየቅበት ቀን ሲመጣ የለመደ አዘጋጅና የተጠራቀመ ቅጂ ይጠብቀዋል። የኢንተርኔት መገናኛ ብዙኃንም በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚመለከተው ስለሆነ የምዝገባውን ነገር ገና ሲጀመር መጠየቅ ይገባል።

ዩቲዩብና ቲክቶክ እያለ ሬዲዮ ለምን ለሚሉ፦ እዚያ የሚወጣው ለማን መቼ እንደሚታይ የሚወስነው የኩባንያው ስሌት ነው፤ በሬዲዮ የሚወስነው አዘጋጁ ነው። ፈቃደኛ ይሰለቻል የሚለው ግን እውነት ነው፤ ብዙ ጣቢያ በዚሁ ሞቷል። ሃያ አራት ሰዓት እናሰራጫለን ብሎ መነሣት ጥፋቱ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ሁለት አዘጋጅ ይመደብ፣ አንዱ ሲታመም የሚቀርብ የተቀረጸ ዝግጅትም ይኑር። ሰዓቱ ውጭ አገር ላለውም ይመቻል፦ ዓርብ ከምሽቱ 2 ሰዓት በላሊበላ፣ በአሜሪካ የብርድ ወራት ዋሽንግተን ላይ እኩለ ቀን ነው፤ የላስታ ልጅ በምሳ ሰዓቱ ያደምጣል።

እንግዲህ ላሊበላም ውጭ አገርም ያላችሁ የላስታ ልጆች፣ ማይክሮፎን ከመግዛታችሁ በፊት የአንድ ወር ዝርዝር ጻፉ፦ አራት ዓርብ፣ በድምሩ ስምንት ሰዓት፣ የአቅራቢውና የእንግዳው ስም ከነርእሱ። ዝርዝሩ ከሞላ በቅዳሜው ገበያና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አስታውቁት፤ ካልሞላ ገንዘብ አትሰብስቡ።