ቁጥር 17

ፈረንሳዊው የፎርሙላ 1 ሾፌር ጁል ቢያንኪ የሞተው ገና በ25 ዓመቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 5 ቀን 2014 በጃፓን ሱዙካ ዝናብ ነበር። ከመስመር የወጣ መኪና ለማንሳት ትራክተር ገብቶ ቢጫ ባንዲራ ይውለበለባል። ባንዲራው «ፍጥነት ቀንሱ» ይላል፤ ስንት እንደሚቀነስ ግን ለሾፌሩ የተተወ ነበር። ቢያንኪ በበቂ አልቀነሰም፤ ተንሸራቶ ትራክተሩን ገጨ። ራሱን እንደሳተ ቆይቶ በጁላይ 2015 አረፈ።

«ጥፋቱ የራሱ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም በ2015 አዲስ ደንብ መጣ፦ አደጋ ሲኖር ሁሉም ሾፌር መሪው ላይ በሚያየው የጊዜ ገደብ ይነዳል፤ ግምት ቀረ። የመኪናው ቁጥር 17ም ለመታሰቢያው ከውድድር ወጣ።

እኛም ነገ ማሽን ስንነድፍ ሰው እንደሚሳሳት አስበን እንንደፍ። እሱን ማስታወስ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።