የትእዛዝ መስመር ትርጉም

የትእዛዝ መስመር ትርጉም ማለት ለአንድ ስርዓተ ክወና የተጻፈን ትእዛዝ በሌላ ስርዓተ ክወና ላይ ያንኑ ሥራ እንዲሠራ አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው። በብዛት የሚያስፈልገው በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል ነው። ቃልን በቃል መተካት ብቻውን አይበቃም፤ ተመሳሳይ የሚመስሉ ትእዛዞች ሥራቸው ሊለያይ፣ አንዳንዴም ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተር ላይ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ሲሆን፣ ከዚህ በታች እንደ አነባበባቸው ቀርበዋል።

የልዩነቱ ምንጭ

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሊነስ ቶርቫልድስ ሲጀመር የዩኒክስን አሠራር ተከትሏል። ዩኒክስ ራሱ በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ የተጀመረ ነው። የዊንዶውስ ትእዛዞች ግን በ1981 ከወጣው ኤምኤስ-ዶስ የወረዱ ናቸው። የመጀመሪያው ዶስ ፎልደር አልነበረውም፤ እዝባርን (/) የትእዛዝ ምርጫዎችን ለማመልከት ይጠቀምበት ነበር። በ1983 በወጣው ሁለተኛው ዕትም ፎልደር ሲጨመር እዝባሩ ተይዞ ስለነበር የፋይል አድራሻ በተገላቢጦሹ (\) እንዲጻፍ ተደረገ። በሊኑክስ ፎልደሮች በ / ይለያያሉ፤ ምርጫዎች ደግሞ በሰረዝ (-) ይጀምራሉ።

ተመሳሳይ ትእዛዞች

የሚከተሉት መጀመሪያ በዊንዶውስ፣ ቀጥሎ በሊኑክስ ያላቸው ስም ነው፦

* ፋይሎችን ለመዘርዘር፦ «ዲር»፣ «ኤልኤስ»
* ለመቅዳት፦ «ኮፒ»፣ «ሲፒ»
* ለማጥፋት፦ «ዴል»፣ «አርኤም»
* የጽሑፍ ፋይል ለማሳየት፦ «ታይፕ»፣ «ካት»
* በፋይል ውስጥ ቃል ለመፈለግ፦ «ፋይንድ»፣ «ግሬፕ»

«ፋይንድ» በሊኑክስም አለ፤ ሆኖም እዚያ የሚፈልገው ፋይሎችን እንጂ በፋይል ውስጥ ያለን ቃል አይደለም።

የኮከብ ምልክት

ኮከብ (*) «ማንኛውም ስም» ማለት ነው። በዊንዶውስ ምልክቱን የሚፈታው ትእዛዙ ራሱ ነው። በሊኑክስ ግን ሼል የሚባለው ፕሮግራም ኮከቡን አስቀድሞ በፋይሎቹ ስም ይተካዋል፤ ትእዛዙ የሚደርሰው የስም ዝርዝር ብቻ ነው።

በዊንዶውስ «ኮፒ» መድረሻ ካልተሰጠው ፋይሎቹን አሁን ወዳለንበት ፎልደር ይቀዳል። ያው ትእዛዝ መድረሻ ሳይጨመርበት ወደ «ሲፒ» ቢተረጎምና በምንጩ ፎልደር ሁለት ፋይሎች ብቻ ቢኖሩ፣ «ሲፒ» ሁለተኛውን እንደ መድረሻ ቆጥሮ የመጀመሪያውን ይጽፍበታል። የሁለተኛው ፋይል ይዘት ይጠፋል፤ በተለምዶም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ትክክለኛው ትርጉም በመጨረሻው ላይ ነጥብ (.) ይጨምራል፤ ነጥቧ «አሁን ያለንበት ፎልደር» ማለት ናት።

የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎች

የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ዕትም 3.0 ስለተካተተ በሁለቱም ስርዓቶች ላይ ፋይልን በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ሊኑክስ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ በተለምዶ አይለይም፤ ግዕዝ ይህ ልዩነት ስለሌለው ከችግሩ ነፃ ነው። ነገር ግን ሞክሼ ፊደላት ለሁለቱም ስርዓቶች የተለያዩ ናቸው፦ «ሰበታ» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል «ሠበታ» ተብሎ ቢጠራ አይገኝም።

ርዝመትም ይለያያል። በዊንዶውስ የፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ሊሆን ይችላል። በሊኑክስ ገደቡ 255 ባይት ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ከ85 ፊደል በላይ አይቻልም። ስለዚህ በዊንዶውስ የሚሠራ ረጅም የአማርኛ ስም በሊኑክስ ላይ ላይቀዳ ይችላል።

ከመፈጸም በፊት ማረጋገጥ

በሊኑክስ ከትእዛዙ ፊት «ኤኮ» ቢጻፍ ትእዛዙ ሳይፈጸም፣ ኮከቡ በስሞች ተተክቶ በማያ ገጹ ላይ ይታያል። «ሲፒ» ደግሞ «-አይ» የተባለው ምርጫ ሲጨመርለት በነባር ፋይል ላይ ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል።