የስቶካስቲክ ፕሮሰስ ጥያቄ ከየት ይገኛል?

ስቶካስቲክ ፕሮሰስን ያለ አስተማሪ የሚያጠና ሁሉ ቅሬታው አንድ ነው፤ ጥያቄው ሞልቷል፣ መልሱ ግን የለም። እኔ አልስማማም።

መልስ ያለው ከተፈለገ አልጠፋም። የግሪሜትና የስተርዘከር «ዋን ታውዘንድ ኤክሰርሳይዝስ ኢን ፕሮባቢሊቲ» ስሙ አንድ ሺህ ይበል እንጂ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው እትም ከ1300 በላይ ጥያቄዎችን ከነመፍትሔያቸው ይዟል። ኤምአይቲም የሮበርት ጋላገርን የ2011 ኮርስ ከነወርክሺቱና ከነመልሱ በነፃ ለቆታል። ለዓመት ይበቃል።

ወደምወደው ልምጣ። እንደ ኖሪስ «ማርኮቭ ቼይንስ» ያለ መልስ የማይሰጥ መጽሐፍ የሚፈራው፣ ይህ ትምህርት ራሱን በራሱ ማረም እንደሚችል ስለሚዘነጋ ነው። ሳንቲም እንወርውር። ዘውድ ሁለቴ ተከታትሎ እስኪወጣ በአማካይ ስንት ውርወራ ይፈጃል? ዘውድ ወጥቶ ወዲያው ጎፈር እስኪከተለውስ? ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች ሳይቀሩ «እኩል ነው» ብለውኛል፤ በሁለት ውርወራ የሁለቱም ዕድል አንድ አራተኛ ነዋ! መልሱ ግን 6 እና 4 ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ከዘውድ በኋላ ጎፈር ከመጣ የተያዘው ሁሉ ይፈርስና እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። በሁለተኛው ጎፈር ሲጠበቅ ዘውድ ቢደገም ምንም አይጎድልም፤ ዘውዱ ያው በእጅ ነው።

ይህን የሚነግራችሁ መጽሐፍ ባይኖርስ? በፓይተን አሥር መስመር ያህል ጻፉና ጨዋታውን 10,000 ጊዜ አስደግሙት። አማካዩ ከ6 ከአንድ አሥረኛ በላይ እምብዛም አይርቅም። ወረቀታችሁ ላይ 5 ካለ ስሌቱን ፈትሹ። ኮዱን ከታተመ መፍትሔ የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ ቁጥሩን ይነግራችኋል እንጂ መንገዱን አያሳያችሁም። የታተመውንማ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳታስቡ ትገልጡታላችሁ።

በኮድ ማረም ግን አንድ ወጥመድ አለው። በመስመር ላይ በእኩል ዕድል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አንድ አንድ እርምጃ የሚሄድ ተጓዥ ወደ ተነሳበት መመለሱ አይቀርም፤ የሚፈጅበት አማካይ ጊዜ ግን ወሰን የለውም። ኮዱ እንዳይንጠለጠል የእርምጃ ገደብ ያበጃችሁለት እንደሆነ፣ የሚወጣው አማካይ የገደባችሁ እንጂ የጉዞው አይደለም። ገደቡን አራት እጥፍ አድርጉትና እዩት፤ አማካዩ ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል።