ጎተራ፣ መንገድ፣ ዙፋን

ባለፈው ክረምት ደብረ ታቦር እህቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው መብራት ሄደ። የእህቴ ልጅ ግን ስልኩ ላይ የጫነውን የጃፓን አኒሜ ማየቱን አላቋረጠም። "ጋሼ፣ ይምጡ ይዩት! ይሄ ንጉሥ አስማቱን ለምን እንደሚጠቀምበት!" አለኝ። ጎራዴና ዘንዶ አያለሁ ብዬ ተጠጋሁ። አንድ ወጣት ወረቀት የተከመረበት ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል፤ እጅ ያልነካቸው እስክሪብቶዎች በየወረቀቱ ላይ በራሳቸው ይጽፋሉ። አስማቱ ይህ ነው። ንጉሡ የመንግሥቱን ሒሳብ እየሠራ ነበር።

ከዚያች ማታ ወዲህ ይህን የአኒሜ ዓይነት ስከታተል ከረምኩ። ለማያውቁት ላስተዋውቀው የፈለግሁት ደብረ ታቦር ተቀምጦ ለሚያየው ሰው ከተረትነት ስለሚያልፍ ነው።

ዘርፉ በጃፓንኛ "ኢሴካይ" ይባላል፤ "ሌላ ዓለም" ማለት ነው። የዘመናችን ሰው በሞት ወይም በአስማት ጥሪ ከዚህ ዓለም ይነጠቅና ነገሥታትና ጭራቆች ባሉበት ምድር ይነቃል። ብዙዎቹ ታሪኮች ጀማሪ ደራሲዎች በኢንተርኔት በየክፍሉ የሚጽፏቸው ልቦለዶች ሆነው ይጀምራሉ። አንባቢ ሲበዛላቸው ይታተማሉ፣ በሥዕል ይተረካሉ፣ በመጨረሻም አኒሜ ይሆናሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ ጀግናው የሚሰጠው ኃይል ጠላት የሚጥልበት ነው። ከዘርፉ አንዱ ቅርንጫፍ ግን መንግሥት ማቅናትን ይዟል። እዚያ ጀግናውን የሚፈትኑት ረኃብ፣ ዕዳ፣ የተበላሸ መንገድና ሥራውን የማያውቅ ሹም ናቸው።

የዚህ ቅርንጫፍ ጥሩ ማሳያ ዶጆማሩ የተባለው ደራሲ የጻፈው የሶማ ካዙያ ታሪክ ነው። ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ "እውነታውን የሚያየው ጀግና መንግሥቱን እንዴት መልሶ አቆመው" እንደ ማለት ይሆናል። ጄ.ሲ. ስታፍ የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2021 በአኒሜ ማቅረብ ጀመረ። ያን ማታ ስልኩ ላይ ያየሁት ወጣት ንጉሥ ሶማ ነው፤ ቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ መሆን የሚመኝ ተማሪ ነበር። ኤልፍሪደን ወደ ተባለ ደካማ መንግሥት በጀግንነት ይጠራል። ግን ጎራዴ ከመምዘዝ ይልቅ አገሪቱ ከዕዳ የምትወጣበትን ዕቅድ ለንጉሡ ያቀርባል። ንጉሡ ዕቅዱን ሰምተው ዙፋናቸውን ይለቁለታል።

ሶማ ከነገሠ በኋላ መጀመሪያ የሚያየው ጎተራውን ነው። ጦርነት በመብዛቱ ጥጥ ተፈላጊ ሆኗል፤ ገበሬው እህሉን ትቶ ጥጥ ዘርቷል፤ ስለዚህ ገንዘብ ባለበት አገር ሕዝቡ ይራባል። ንጉሡ ማሳው ወደ እህል እንዲመለስ፣ እህል ካለበት ወደሌለበት የሚያደርስ መንገድ እንዲጠረግ ያዝዛል። መከሩ እስኪደርስ ደግሞ ሕዝቡ ምግብ ብሎ የማይቆጥረውን የባሕር እንስሳና ሥራ ሥር ራሱ በሕዝብ ፊት በልቶ ያሳያል። በዚህ የሚያግዘው ፖንቾ የተባለ ሰው ነው። ፖንቾ ሰው የሚያፌዝበት በላተኛ ነበር፤ ሶማ ግን በየአገሩ የሚበላውን ሁሉ ማወቁን እንደ ሙያ ቆጥሮ ይሾመዋል። የማክያቬሊን "ልዑሉ" እየጠቀሰ የሚገዛ ንጉሥ ከመጀመሪያዎቹ ሹሞቹ አንዱ የምግብ ሰው መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ማሳያ ፉሴ የተባለው ደራሲ የጻፈው፣ አኒሜው እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው የሪሙሩ ታሪክ ነው። ሪሙሩ ቀድሞ በሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረ የ37 ዓመት ጃፓናዊ ነው። ከሞተ በኋላ አጥንት የሌለው፣ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ፍጡር ሆኖ ይወለዳል። ጎብሊን የተባሉ ፍጡራን ለሚኖሩባት፣ ጎጆዋ ለዘመመ መንደር ጌታ ሲሆን የሚጎድለው የእጅ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ድዋርጎን ወደተባለው የድንኮች አገር ሄዶ ካይጂን የተባለውን አንጥረኛ ከባልደረቦቹ ጋር ይዞ ይመለሳል። በኋላ ረኃብ ያባረራቸው ኦርክ የተባሉ ፍጡራን ሊወሩ መጥተው ሲሸነፉ በቀልን ትቶ ምግብ፣ መኖሪያና ሥራ ይሰጣቸዋል። የአገሪቱን ከተማና መንገድ ከሚሠሩት ግንባር ቀደሞቹ እነዚያው ትናንት የተሸነፉት ናቸው።

ካይጂን ከአገሩ ወጥቶ ሲመጣ ባየሁ ጊዜ ሐሳቤ ከስልኩ ወጥቶ ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ጋፋት ሄደ። ደብረ ታቦርን የየጁው ራስ ጉግሣ መሠረቷት፤ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው አደረጓት። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የተረከቡት በመሳፍንት የተቆራረጠ አገር ነበር። እንደ ሪሙሩ ሁሉ የባለሙያ እጅ እንደሚያስፈልጋቸው ገባቸው። ስዊዘርላንድ ባዜል አጠገብ ከሚገኘው ቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ተቋም የመጡትን ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርንና ባልንጀሮቻቸውን ጋፋት አሰፈሯቸው። ሞሪትስ ሆል የተባለውን የፖላንድ ተወላጅም ጨመሩበት። ሰዎቹ የእጅ ሙያ ነበራቸው፤ የመጡት ግን ወንጌል ለማስተማር ነው። ንጉሡ መንገድ፣ ሰረገላ፣ በመጨረሻም መድፍ ጠየቁ። እነሱም አንችልም ማለት አላዋጣቸው ሲል እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ ደግመው እየሞከሩ ሠሩት። ጋፋት ላይ የአገሬው ወጣቶችም ፊደልና ሙያ አብረው ይማሩ ነበር። አገሪቱ ካየቻቸው የመጀመሪያ የሙያ ትምህርት ቤቶች አንዱ ይህ ነው ለማለት አልቸገርም።

የጋፋት ትልቁ ሥራ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው፤ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ይህን ብረት ይዘው ነበር። መንገድ ግን የለም። ስለዚህ መድፉ ከመራመዱ በፊት መንገዱ ይሠራል፤ ዐለቱ ይፈለጣል፣ ድንጋዩ ይነሣል፣ ጉድጓዱ ይሞላል። ዳገት ሲሆን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከፊት ይጎትቱታል። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ ክብደቱ ራሱ ጠላት ስለሚሆን ከኋላ ይዘው ያወርዱታል። ንጉሡ ከሰው ሁሉ ቀድመው ድንጋይ ሲሰብሩ እንደነበር ያዩዋቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግረው መቅደላ እስኪደርሱ 6 ወር ያህል ፈጀባቸው።

አኒሜው የማያሳየን ይህን ክብደት ነው። ሶማና ሪሙሩ የያዙት ዕውቀት አይመዝንም፤ ከሌላው ዓለም በጭንቅላታቸው ይዘውት ገብተዋል። ቴዎድሮስ ግን ዕውቀቱን ከሩቅ አገር ሰው መለመን፣ በደብዳቤ መጠየቅ፣ ካገኙት ደግሞ በሰው ትከሻ ዳገት ማውጣት ነበረባቸው። በ1855 ዓ.ም. ግድም ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ምላሽ አጣ፤ ከዚያ የተነሣው ጠብ በናፒየር የተመራውን የእንግሊዝ ጦር አመጣ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ጦራቸው ተመታ፤ ሚያዝያ 6 ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ።

በአንድ ነገር ግን ተረቱ እውነቱን ይዟል፤ ይኸውም ቅደም ተከተሉን ነው። ጎተራው ከመንገዱ ይቀድማል፤ መንገዱም ከዙፋኑ። ቴዎድሮስ ይህን ያውቁ ነበር። በነገሡ ማግስት ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ ይመለስ ብለው አውጀዋል። ወታደሩ ከሕዝብ ላይ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲኖርም ሞክረዋል። የደመወዙን ምንጭ ሲፈልጉ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ነኩ፤ ካህናቱ ከዱ። ዐመፁ ሲበዛ ጦሩ ደመወዝ አጣና ወደ ገበሬው ጎተራ ተመለሰ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከሁሉ የተጎዳው ደብረ ታቦር ያለችበት ይኸው የእኛው በጌምድር ነበር። መድፉ የተሠራው ጋፋት፣ የተዘረፈው ማሳም በዙሪያው። ልጁን የራበው ገበሬ ለንጉሡ መንገድ በልቡ አይጠርግም፤ በጉልበት ቢጠርግም ንጉሡ ሲያልፉ አብሮ አይከተልም። ያ ሁሉ ሠራዊት የተበተነባቸው እንደዚህ ነው። ሪሙሩ የተሸነፉትን በማብላቱ ግንበኛ አገኘ፤ ቴዎድሮስ የሚያበሉት ሲያልቅ ወዳጆቻቸውንም አጡ። የንጉሡን ሕልም ስለምወድ ነው ይህ የሚያንገበግበኝ።

ታሪኩ ጎተራ ላይ ሲደርስ ለደቡብ ጎንደር ሰው የሚቀርብ ምሳሌም አለ። ከደብረ ታቦር ቁልቁል ወረታ ሲደርሱ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል። የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ እየሞሉ ሜዳውን ውኃ ያለብሱት ስለነበር ብዙው ማሳ ለእህል አይመችም ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና በተባለ ቦታ ሩዝ ዘርተው አሳዩ። ዝርያው "ኤክስ ጅግና" የሚለውን ስም ይዞ ቀረ። ገበሬው ባዕዱን እህል ከራሱ ወግ ጋር አስማማው፤ ከጤፍ ጋር አስፈጭቶ እንጀራ ጋገረው። ዛሬ ፎገራ ሩዝ በስፋት ከሚመረትባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው። ማንም መድፍ አልጎተተም። ዘሩ መጣ፣ ሰው ቀመሰው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ወሰደው።

እነዚህን አኒሜዎች የሚያዩ ልጆቻችንን "ጊዜህን አታጥፋ" ከማለት አብሮ ተቀምጦ ማየት ይሻላል። ከዚያ ሦስት ነገር መጠየቅ ነው፦ ይህ ንጉሥ ሕዝቡን ምን አበላ? መንገዱን ማን ሠራ? የሠራውስ ወዶ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የለመደ ልጅ የሴባስቶፖልን ታሪክ ሲሰማ በመድፉ ትልቅነት ብቻ አይደነቅም፤ ስለ ጎታቾቹም ይጠይቃል።

ካይጂንን ባየሁበት ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ስለ ጋፋት ያወራነው ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ ነው። ጠዋት እህቴ ያቀረበችው እንጀራ ነጣ ያለ ነበር፤ የፎገራ ሩዝ ተቀላቅሎበታል። የእህቴ ልጅ ቆርሶ ሊጎርስ ሲል እጁን ገታ አደረገና እንጀራውን አየው። "ጋሼ፣ ይህን ሶማ ቢያየው ደስ ይለው ነበር" አለኝ።